ልባሽ ጫማ በጅማ፦ የትኛውን ገዝቶ የት ማስቀመጥ ያዋጣል?

ልባሽ ጫማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መልኩን ያያል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል። የት እንደሚያስቀምጠው የሚያስበው ማታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ጅማ ላይ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆና በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አዳማ ላይ አልጋ ሥር ተወርውሮ ዓመቱን ሙሉ ደህና የሚሆን ጫማ እዚህ በአንድ ክረምት ነጭ ሻጋታ ይለብሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው ጫማን ከነማደሪያው ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። የልባሽ ዋጋ ጠዋትና ከሰዓት እንኳ አንድ አይደለም፤ የቡና ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሻጩ ይኮራል፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሸራውን ሲደበድብበት ደግሞ ይለሳለሳል። ይልቅ በተጠራው ዋጋ ላይ ሁልጊዜ የሚደመር ነገር አለ፦ የማስቲሽ፣ የስፌት፣ የአዲስ ማሰሪያና የውስጥ ንጣፍ ወጪ። ይህን ደምረው ድምሩ ወደ አገር ውስጥ አዲስ ጫማ ዋጋ ከተጠጋ አዲሱን ይግዙ። ልባሽ ደረሰኝ የለውም፤ ነገ ቢገነጠል የሚመለስበት መንገድም የለም።

የቆዳ ወይስ የስፖርት?

ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐሙስ በገበያ ቀን ክምሩ ፊት የቆመ ወጣት እጁ የሚሄደው ወደ ስፖርት ጫማው ነው። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ታጥቧል፣ ማሰሪያው ተቀይሯል። ችግሩ የስፖርት ጫማ ከላይ አዲስ መስሎ ከውስጥ ሊያረጅ መቻሉ ነው። በላይኛው ክፍልና መሬት በሚነካው ጎማ መካከል ያለው ለስላሳ ሶል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የፕላስቲክ አረፋ ዓይነቶች ከአንዱ ይሠራል፤ ወይ ከፖሊዩሬታን ወይ ከኢቪኤ። ፖሊዩሬታን ሲረግጡት ምቹ ነው፣ ክብደትም ቶሎ አያሟሽሸውም። ነገር ግን ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ውስጥ ለውስጥ ይፈርሳል፤ ኬሚስቶች ሐይድሮሊሲስ የሚሉት ይህን ነው። ጫማው ምንም ሳይደረግ ካርቶኑ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ከዓመታት በኋላ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል። ኢቪኤ በእርጥበት እንዲህ አይፈርስም፤ የእሱ በሽታ በክብደት ብዛት መሟሸሽ ነው። የተሟሸሸ ሶል ጉልበትና ወገብ ያደክማል እንጂ መንገድ ላይ ተገንጥሎ አያዋርድም።

ሁለቱን ከውጭ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ሶሉን በአውራ ጣት ይጫኑ። ተጭኖ የሚመለስ ከሆነ ጥሩ ነው። ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ ሲጫኑት የሚንጫጫ ወይም በጎኑ በኩል ቀጫጭን ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ መልሰው ያስቀምጡት። ቀጥሎ ጫማውን ከአፍንጫው በኩል ዐጥፈው ጎማውና ለስላሳው ሶል የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ፤ ማስቲሹ የለቀቀ ጫማ እዚያ ጋር አፉን ይከፍታል። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር ደግሞ ከምላሱ በስተጀርባ ወይም ከውስጥ በኩል ያለው ትንሽ ጨርቅ ነው። ናይኪና አዲዳስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የተመረተበትን ወርና ዓመት እዚያ ላይ ያትማሉ። ሻጩ «አንድ ቀን ነው የተደረገው፣ ወንድሜ» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን የተደረገ፣ ነገር ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተመረተ ጫማ ግን ሽማግሌ ነው።

የቆዳ ጫማ እርጅናውን አይደብቅም፤ የምወድለትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ግን ቆዳ መሆኑን ያረጋግጡ። የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ክር ክር የሚል ሥጋ ከታየ ቆዳ ነው፤ ከላይ ስስ ፕላስቲክ ከሥሩ ጨርቅ ከታየ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሹ አንዴ መላጥ ከጀመረ ቀለምም ሊስትሮም አያድነውም። እውነተኛው ቆዳ ግን ቢሰነጠር ይሰፋል፣ ቢደርቅ በቅባት ይለሰልሳል። ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ከሆነ ደግሞ ጫማ ሰፊው አውልቆ ሌላ ሊተካለት ይችላል። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው ይህ ዕድሉ ጠባብ ነው። ከሥር የቆዳ ሶል ያለውን የሠርግ ጫማ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለጅማ ጭቃ አልመክርም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጅበታል። የቆዳ ፊት፣ የጎማ ሶል፣ በክር የተሰፋ፤ ይህ ሦስቱ ከተገናኙ ሳይዘገዩ ይከራከሩበት።

ቆዳ አንድ ጉድለት አለው። የመጀመሪያውን ባለቤት እግር ቅርጽ ይይዛል። የውስጥ ንጣፉን አውጥተው የጣቶቹን አሻራ ይዩ፤ ጉድጓዱ ከእርስዎ ጣት ጋር ካልገጠመ ጫማው ሁልጊዜ ይከራከርዎታል። ጥንዱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው ከኋላ ሲያዩት ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመም ይተዉት። ታኮ ይቀየራል፣ የተጣመመ ተረከዝ ግን በቀላሉ አይቃናም። ለሕፃናት ልባሽ ጫማ የማልደግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገና እየተሠራ ላለ እግር የሌላ ልጅ ቅርጽ ማልበስ አይገባም።

ሸራ ጫማ ርካሽ ነው፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ከበጋ ውጭ ግን አይጠቅምም። ቦት ጫማ ለክረምት ግሩም ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሁለት ጥንድ ቦታ እንደሚወስድ ብቻ አይርሱ።

ቁጥሩን ማመን

ልባሽ ላይ የአውሮፓ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቁጥር ተደባልቆ ይመጣል። የአውሮፓው አንድ ቁጥር ሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእንግሊዙ ሲሶ ኢንች፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚህም በላይ 42 የሚል ሁለት ጫማ ከሁለት ፋብሪካ ሲመጣ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ማታ ላይ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቆመው ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ድረስ በሴንቲ ሜትር ይለኩ። ብዙ የስፖርት ጫማዎች ከሌሎቹ ቁጥሮች ጎን በሴንቲ ሜትር 26.5 ወይም 27 ብለው ያሳያሉ፤ ያ ቁጥር የእግርን ርዝመት የሚናገር ስለሆነ ከሁሉም ይሻላል። ግራና ቀኙንም አስተያዩ፤ ከክምር የወጣ ጥንድ አንዱ 41 ሌላው 42 ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቤት ከገባ በኋላ ወዲያው አይደረግም። ንጣፉን አውጥተው ቢጥሉት ይመረጣል፤ ካልሆነ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። የእግር ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው በጫማ ሊተላለፍ ይችላል። ከዚያ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ ያድርቁ፤ ወረቀቱን ሲርስ ይቀይሩ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ የከተማችን ክፉ ልማድ ነው። ቆዳውን ያደርቃል፣ ማስቲሹንም ያላቅቃል።

ማደሪያው

ጅማ ውስጥ እርጥበትን ከቡና ነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም። ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ እርጥበቱን ወደ 11 እና 12 በመቶ ካወረደ በኋላ ጆንያውን መሬት ላይ አይጥልም፣ ግድግዳም አያስጠጋም፤ ከሥሩ እንጨት ይረበርባል። ለጫማ የሚያስፈልገው እውቀት ይኸው ነው።

በዚህ መለኪያ ካርቶን ለጅማ ከሁሉም የከፋ ነው። እርጥበት ይመጥጣል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ይበሰብሳል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ጥሩ የሚሆነው ጫማው ፍጹም ደርቆ ከገባ ብቻ ነው፤ ያላበው እግር ማታ አውልቆ የከተተው ጫማ በሳጥኑ ውስጥ ሻጋታ ያረባል። በአዲስ ዕቃ ውስጥ የሚመጣው፣ እርጥበት የሚመጥጠው ትንሽ የሲሊካ ከረጢት የሚረዳውም እዚህ ነው፤ ክፍት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጡ ትርጉም የለውም። እኔ ሳጥንን ለበጋው ሸራ ጫማ የክረምት ማረፊያ ብቻ አደርገዋለሁ።

በር ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ኪስ ማስቀመጫ ወለል አይነካም፣ ቦታም አይወስድም። መረብ የሆነውን እንጂ ፕላስቲክ የሆነውን አይግዙ፤ ፕላስቲኩ አየር አያሳልፍም። ለሸበጥ፣ ለሴቶች ዝቅተኛ ጫማና ለሸራ ይበቃል፤ የወንድ 43 ቁጥር የቆዳ ጫማ ግን ኪሱን ይቀድዳል፣ የኪራይ ቤትን ማጠፊያም ያላላል። ከየሱቁ የሚገዛው ባለ ቀጭን ብረትና ባለ ጨርቅ ሽፋን መደርደሪያ ደግሞ መልኩ ደህና ነው፤ ሽፋኑን አውልቀው ከተጠቀሙበትና ከባዱን ጫማ ከታች ካደረጉ ይቆያል። ከነሽፋኑ ግን ጨርቅ የለበሰ ካርቶን ነው።

ገንዘብ ካለኝ የምመርጠው አናጺ ማዘዝ ነው። ባለሦስት እግር በርጩማን ያህል ነገር በምትጠርብ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የፕላስቲክ ዕቃ ማሳደድ አይገባኝም። ለአናጺው የሚነገረው ቀላል ነው። ጥልቀቱ 33 ሴንቲ ሜትር፣ በደረጃዎቹ መካከል 16 ሴንቲ ሜትር፣ ታችኛው ደረጃ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ያለ፣ ደረጃው ሙሉ ጣውላ ሳይሆን በመካከሉ ክፍተት ያለው ርብራብ። ስፋቱ 65 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሦስት ጥንድ የወንድ ጫማ ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ፊቱን ወደ ውጭ፣ ሌላውን ተረከዙን ወደ ውጭ አድርገው ካስቀመጡት ትንሽ ተጨማሪ ቦታ ይገኛል። ጥልቀቱ በር የሚያስቸግር ከሆነ ደረጃውን ወደ ፊት እንዲያዘነብለው ይንገሩት። ሲቀመጥ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፤ በተለይ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ።

እንግዲህ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ በአንድ ክፍል የሚኖር፣ መደርደሪያ የሌለው ሰው የቆዳ ጫማ ከአንድ በላይ አይግዛ፤ ያንንም በየሳምንቱ ቀለም ይቀባው። ሻጋታ ካየበት ውጭ አውጥቶ በደረቅ ብሩሽ ያራግፈው፤ ከዚያ እኩል ኮምጣጤና ውኃ በነካ ጨርቅ ጠርጎ በጥላ ያድርቀው። ቀለም መቀባት የሚሰለቸው ሰው ኢቪኤ ሶል ያለውን የስፖርት ጫማ ይውሰድ፤ ቸል ቢባልም ብዙ አይቀየምም። ቤተሰብ ያለውና መደርደሪያ ያሠራ ሰው ግን ቆዳውን ይምረጥ፤ ቦት ጫማም ካለ ወረቀት ጠቅጥቆ ላይኛው ደረጃ ላይ ያጋድመው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ ለብቻው ነው። ዶርም ውስጥ ያለው ሎከር ጠባብና አየር አልባ ስለሆነ፣ ውስጡ የሚገባ ጫማ ከልብስና ከበሶ ጋር ሽታ ይጋራል። አንድ የስፖርት፣ አንድ ነጠላ ጫማ ይበቃል። የስፖርቱን በማሰሪያው ከአልጋው ብረት ላይ፣ ከራስጌ ሳይሆን ከግርጌ በኩል ያንጠልጥሉት፤ ከላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛውን ልጅ ግን አስቀድመው ያስፈቅዱ።