ሰሌዳ የሌላት የብርዝ ቤት

ቤቷ ሰሌዳ የላትም። ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ ወደ አዌቱ ወንዝ ሲወረድ በስተግራ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፤ እሱን ገፋ አድርጎ መግባት ነው። ጠጅም ብርዝም ይሸጣል። እኔ የምመላለሰው ለብርዙ ነው።

አናጢ ነኝ፣ የጅማ በርጩማ እሠራለሁ። በ2012 ዓ.ም. ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኘብኝ። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ በቀን አንድ ጊዜ 400 ሚሊግራም ኢማቲኒብ እውጣለሁ፤ ብዙ ሰው ግሊቬክ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። መድኃኒቱ በፈረንጆቹ 2001 ባይወጣ ኖሮ ዛሬ መጋዝ አልይዝም ነበር። ዓይኔ ሥር ያብጣል፣ ሌሊት ባቴን ይጨመድደኛል፣ ግን እሠራለሁ።

ያኔ ለሐኪሜ መጀመሪያ ያነሳሁት ጥያቄ «ጠጅስ?» የሚል ነበር። አልተቆጣኝም። ኪኒኑንም አልኮሉንም የሚሰባብረው ጉበት ነው አለኝ። በየጊዜው ለምርመራ ደም የምሰጠው ጉበቴ እንዲታይ ጭምር ነው። ቁጥሩ ከፍ ቢል ከኪኒኑ ይሁን ከጠጁ መለየት ያስቸግራል፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ኪኒኑ ሊቀነስ ወይም ለጊዜው ሊቆም ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ «ሊቆም ይችላል» ያለው ነው። አልፎ አልፎ አንድ ብርጭቆ የተፈቀደለት ታማሚ አውቃለሁ። የሰው ጉበት ግን የየራሱ ነው፤ የናንተን ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ ጨርሶ ተውኩ።

መጠጡን መተው አልከበደኝም። የከበደኝ ጨዋታውን መተው ነው። ጅማ አርብ ከሰዓት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጓደኞቼ ጫት ቅመው ሲነሱ ወደ ጨብሲ ነው፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር። ጫቱንም ትቻለሁ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ኪኒኑ ደግሞ በምግብና በብዙ ውሃ ካልተዋጠ ሆድ ይገለብጣል። ሁሉም ብርሌ ይዞ ሲያወጋ ለስላሳ ይዘህ ስትቀመጥ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይመጣል። ለሠላሳኛ ጊዜ ከመመለስ ቤት መቅረት ይሻላል። ሁለት ዓመት ያህል ቀርቻለሁ።

አንድ ጊዜ ሌላ ቤት ብርዝ ብዬ አዝዤ ሁለት ብርሌ ጠጣሁ። ስሙን አልጠራም። መጨረሻ ላይ ምላሴን ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ዝም አልኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ከእራት ጋር የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። ኪኒኑ አብሮ ይውጣ አይውጣ አላወቅኩም። ደግሜ አልዋጥኩም፤ ቢያስመልስህም አትድገም ተብያለሁ። ለካ የሁለት ቀን ብርዝ ኖሯል። ብርዝ ጌሾ ባይገባበትም ካደረ ይቦካል፣ ከቦካ አልኮል ነው።

ወደዚች ቤት ያመጣኝ ያ ሌሊት ነው። ባለቤቷን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ቀን ስለ ኪኒኑ ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ጠጁ በጋን ነው፣ ብርዙ ክዳን ባለው ነጭ ባልዲ። ጠዋት ጠዋት የጌራ ማር ከነሰፈፉ ውሃ ውስጥ ጨምረው በእጃቸው ይበጠብጡታል፣ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይለቅሙታል፣ ከዚያ በነጭ ሻሽ ያጠሉታል። ለአንድ ማር አራት ውሃ። እጃቸው እስከ ክርን ድረስ ያብለጨልጫል። ማታ የተረፈው ብርዝ ተብሎ አያድርም፤ ወደ ጠጁ ጋን ይገለበጣል።

የሚመጣውም በዚያው በብርሌ ነው፣ ከጓደኞቼ ጠጅ በምንም አይለይም። አንገቱን በሁለት ጣት ይዤ፣ ተደግፌ፣ እንደ ድሮዬ አወራለሁ። ማንም አይጠይቀኝም። ጣዕሙ መጀመሪያ ማር ነው፣ ቆይቶ ጫካ ጫካ የሚል ሽታ ይከተላል። ለሙስሊም ጎረቤቶቼ ሰርግ የሚቀዳው ዓይነት ነው፣ ትንሽ ቀጠን ይላል። ሁለት ብርሌ ይበቃል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ይተወው፣ ማር ማር ነው።

ችግር የለም አልልም። እማማ የኔን በራሳቸው እጅ ነው የሚያመጡት። የሌሉ ቀን ግን አስተናጋጁ ልጅ አንድ ጊዜ ብርሌ ቀያይሮብኛል። አፌ ሳይደርስ በጌሾው ሽታ ነቃሁ። መልኩ አንድ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ለእማማ ስነግራቸው የብርዙን ብርሌ አንገት በነጭ ክር አሰሩ፤ አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚቀርበው። ክሩን ሳላይ አልጠጣም። አግዳሚዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ባቱን ለሚጨመድደው ሰው አይመቹም። አንድ በርጩማ ሠርቼ ወስጃለሁ፣ በሩ አጠገብ ያለው እሱ ነው። ክረምት መግቢያው ጭቃ ነው። ምግብ ከሽሮ በቀር የለም፣ ሽሮው ግን ይጣፍጣል፤ ኪኒኔን የምውጠው እዚያው ከሽሮው ጋር፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ አስቀድቼ ነው።

አንዱ ብርሌ 50 ብር ነው። ብርዙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይገኛል፣ አርብ አርብ ከ11 ሰዓት በፊት ያልቃል። ስትገቡ «የዛሬ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እማማ አይቀየሙም፣ ባልዲውን ከፍተው ያሳያሉ።