ከኤክስካቫተር ወደ አውሮፕላን፦ የአምስት ቀኑ ስልጠና እንዴት ነበር?

አሥራ ሁለት ዓመት ኤክስካቫተርና ሎደር ጠግኛለሁ። በዘይት ግፊት ስለሚሠራው ሃይድሮሊክ ብዙ የሚቀረኝ አይመስለኝም ነበር። በቅርቡ ግን ስለ አውሮፕላን አካል፣ ስለ በረራ መቆጣጠሪያና ስለ ሃይድሮሊክ የሚሰጥ የጀማሪ ስልጠና ወሰድኩ። ለመመዝገብ ያሰባችሁ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጣም የወደድኩት የሃይድሮሊኩን ሁለት ቀን ነው። እውነተኛ ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ፍሬንና የግፊት መለኪያ ጌጅ የተገጠመበት ጠረጴዛ አለ። መጀመሪያ የገረመኝ ግፊቱ ነው። ብዙዎቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በ3000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይሠራሉ። እኔ የምጠግናቸው ትልልቅ ኤክስካቫተሮች እስከ 5000 ገደማ ይሄዳሉ። ይህን ስጠይቅ አስተማሪያችን ሳቅ ብለው ኤርባስ ኤ380 እና ቦይንግ 787ም 5000 መግባታቸውን ነገሩን። ግፊቱ ሲጨምር ሲሊንደሩም ቧንቧውም ቀጠን ይላል፤ ክብደት ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ማሽኑ እንዳይገለበጥ ከኋላው ብረት እንጭንበታለን!

ከዚያ ፓምፑን አጠፉና «ፍሬን ያዝ» አሉኝ። ግፊት የቀረው ግፊት በሚያጠራቅመው ዕቃ፣ በአኩሙሌተሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን ዘይት፣ በሌላው ናይትሮጂን። ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። በረገጥኩ ቁጥር የጌጁ መርፌ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። 1000 ላይ ሲደርስ ግን በአንዴ ዜሮ ላይ ዱብ አለ። «መርፌው የወደቀበት ቁጥር የናይትሮጂኑ ግፊት ነው» አሉኝ። ዘይቱ ካለቀ ናይትሮጂኑ የሚገፋው ነገር የለውም። ስንት አኩሙሌተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ያን ቀን ነው።

ስለ ዘይቱም በደንብ አስረድተውናል። ስካይድሮል የሚባለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሃይድሮሊክ ዘይትና ቀዩን የማዕድን ዘይት መቀላቀል አይቻልም፤ የአንዱ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገው ጎማ) በሌላው ይበላሻል። ስካይድሮል ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ሳያደርግ ጠረጴዛው ጋ የሚጠጋ ሰው አልነበረም፤ ይህን አደንቃለሁ።

እኔ ቱቦ ሲፈነዳብኝ ማሽኑን አቁሜ ቱቦ ለማምጣት እሄዳለሁ። አየር ላይ ይህ የለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 ዲሲ-10 የሚባል የአንድ ባለ ሦስት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን የጅራት ሞተር ፈንድቶ ስብርባሪው የሦስቱንም ሃይድሮሊክ ሲስተሞች መስመር ቆረጠ። ዘይቱ ፈሶ አለቀ። አብራሪዎቹ የቀሩትን ሁለት ሞተሮች ጉልበት እያበላለጡ መሬት አደረሱት። ከ296 ሰው 184ቱ ተረፉ። ከዚያ በኋላ በዲሲ-10 ላይ ዘይቱ ሁሉ እንዳይፈስ መንገዱን የሚዘጋ ቫልቭ ተጨመረ። ይህ ሲነገር ክፍሉ ጸጥ አለ። አውሮፕላን ሠሪዎች መስመሮቹ የት የት እንደሚያልፉ ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁበት የገባኝም እዚያ ላይ ነው።

የበረራ መቆጣጠሪያውን ቀን ያሳለፍነው አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ አሮጌ አውሮፕላን ላይ ነው። ዱላውን ወደ ቀኝ ስትገፉት የቀኙ ኤይለሮን (ክንፉ ጀርባ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች ይሄዳል። ከጥገና በኋላ ዱላውን ከኤይለሮኑ የሚያገናኘው ገመድ ተገላብጦ ቢታሰር አብራሪው ወደ ቀኝ ሲል አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ስለዚህ አንዱ ዱላውን ይይዛል፣ ሌላው ክንፉ ጋ ቆሞ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ገመዱን ደግሞ በጨርቅ ጠረግነው። አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ከሆነ ጨርቁን ትይዘዋለች። የኔን ያዘችው፤ ገመዱ የሚዞርበት ፑሊ አጠገብ፣ በዓይን የማትታይ።

ቅር ያለኝ የአካሉ ክፍል ነው። ፍሬም፣ ስትሪንገር፣ ስፓር፣ ሪብ፣ የአካሉና የክንፉ አጥንቶች ሁሉ በግማሽ ቀን በስላይድ አለቁ። አንድ ሪቬት (ቆርቆሮ ማያያዣ) በእጃችን አልነካንም። እ.ኤ.አ. በ1954 ቆዳቸው በድካም ተሰንጥቆ አየር ላይ የተበታተኑት ኮሜት የተባሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች አንድ ስላይድ ብቻ ነው የደረሳቸው። የኤክስካቫተር ቡም (ትልቁ ክንድ) ላይ ስንጥቅ ከየትኛው ማዕዘን እንደሚነሳ አውቃለሁ። የአውሮፕላን ቆዳ በየበረራው እየተነፋና እየሟሸሸ ሲደክም ምን እንደሚመስል ግን ማየት ፈልጌ ነበር። ከአገልግሎት የወጣ አንድ የክንፍ ቁራጭ ቢመጣልን ይበቃን ነበር።

እንዲያም ሆኖ ለሚቀጥለው ደረጃ ተመዝግቤያለሁ። አስተያየት መስጫው ወረቀት ላይም የክንፉን ነገር በትልቁ ጽፌያለሁ።