ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ፦ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ወይስ ፕሪሚየር ፕሮ?

«ቃለ ምልልሱን ቀረጽኩት፤ ድምፁ ግን በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» ሰርግ የሚቀርጹትም፣ መዝሙር የሚሠሩትም፣ ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩትም ጓደኞቼ ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ነፃ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ጫኑ፤ ገንዘባችሁን ለራም (ለኮምፒውተሩ የሥራ ማህደረ ትውስታ) አውሉት።

ከዋጋው እንነሳ። ሌላው የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ ፕሪሚየር ፕሮ፣ የሚከራይ እንጂ የሚሸጥ አይደለም። በአሜሪካ ዋጋ የዓመት ውል ገብታችሁ በየወሩ 22.99 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ በዓመት 275.88 ዶላር ማለት ነው። ክፍያው ሲቆም ሶፍትዌሩም ይቆማል። ውሉን ከ14 ቀን በኋላ ካፈረሳችሁት ደግሞ የቀሪዎቹን ወራት ክፍያ ግማሽ ትጠየቃላችሁ። የዳቪንቺ የሚከፈልበት ዓይነት፣ ስቱዲዮ የሚባለው፣ 295 ዶላር አንዴ ይከፈልበታል፤ በሁለት ኮምፒውተርም ይሠራል። የፕሪሚየርን 13ኛ ወር ስትከፍሉ ያወጣችሁት 298.87 ዶላር ይደርሳል፤ በዚያ ገንዘብ ስቱዲዮን የራሳችሁ ታደርጉት ነበር። ለሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ) እና ለስቴሪዮ (ለግራና ለቀኝ የየራሱ ድምፅ) ሥራ ግን ስቱዲዮም አያስፈልግም፣ ነፃው ይበቃል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ዶላሩም፣ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚቆረጥበት ካርድም ሌላ ጣጣ ነው።

«ክራኩን (ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የሚጫነውን ኮፒ) በርካሽ ይጭኑልኛል» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አስጭኖ ነበር። የጫነለት ልጅ መጀመሪያ ያደረገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። ብዙም ሳይቆይ የሙሽሮቹ ቪዲዮ በሙሉ ተቆልፎ ማስከፈቻ ዶላር ተጠየቀበት። ሰርግ ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ብዙ ጊዜ ካሜራው ፋይሉን ስቴሪዮ ብሎ ይመዘግበዋል፤ የማይኩ ድምፅ ያለው ግን በአንዱ ቻናል (በግራው ወይም በቀኙ ጎን) ብቻ ነው። ዳቪንቺ ላይ ክሊፖቹን ወደ ታይምላይን (ክሊፖቹ በተራ ወደሚደረደሩበት ቦታ) ከማውረዳችሁ በፊት ሚዲያ ፑል (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት መስኮት) ውስጥ አንድ ላይ ምረጧቸው። ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ክሊፕ አትሪቢውትስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ግቡና ለግራም ለቀኝም ቻናል 1ን ስጡ። መቶ ክሊፕ ቢሆንም በአንዴ ያልቃል። ኤዲቱን ጀምራችሁ ከሆነ የትራኩ (ታይምላይኑ ላይ ድምፁ ያለበት መስመር) ስም ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የትራኩን ዓይነት ወደ ሞኖ ለውጡ፤ ዘፈኑን ግን በሌላ ስቴሪዮ ትራክ ላይ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ ስፋቱን ያጣል።

ፕሪሚየር ላይ አንዴ የተፈጠረ ትራክ ዓይነቱ አይቀየርም፤ ይህ ያናድደኛል። በአንድ ነገር ግን ይበልጣል፦ ፊል ራይት ዊዝ ሌፍት የሚባለውን ኤፌክት ታይምላይን ላይ ያለ ክሊፕ ላይ ስትጥሉበት የግራው ድምፅ ወዲያው በቀኝም ይሞላል። እሱ ብቻውን ግን በዓመት 275 ዶላር አያወጣም።

ከሶፍትዌሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ገመዱ ነው። ከአዳራሽ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ወደ ካሜራ በርካሽ ገመድ የተቀዳ ንግግር በሄድፎን ስትሰሙት ደህና ይመስላል፤ አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ሲከፈት ግን ተናጋሪው ድምፁ ይጠፋል። ሚክሰሩ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ፣ ቀጥታውን በፕላስ፣ ግልባጩን በማይነስ ይልካል፤ ምክንያቱ ገመዱ ፕላሱን ወደ ግራ፣ ማይነሱን ወደ ቀኝ መውሰዱ ነው። ሁለቱ ቻናሎች ተቃራኒ ስለሆኑ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ቀላቅላችሁ ሞኖ አታድርጉት፤ ከላይ እንዳልኩት አንዱን ቻናል ብቻ ወስዳችሁ ለሁለቱም ስጡ። ሌላ ሶፍትዌር ከመግዛት ገመዱን ለሚበይድ ባለሙያ መስጠት ይረክሳል። ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊትም አንድ ስፒከር ባለው ስልክ አዳምጡት።

ዳቪንቺ ከባድ መሆኑን አልደብቅም። አምራቹ ራሱ 16 ጂቢ ራም ይመክራል፤ ደህና ግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። ላፕቶፓችሁ 8 ጂቢ ብቻ ከሆነና ራም መጨመር የማይቻል ከሆነ ሾትከት የሚባለውን ሌላ ማቀናበሪያ ሞክሩ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ኮፒ ቻናል የሚባለው ፊልተሩ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ፕሪሚየርን የምመክረው መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለትና ባልደረቦቹ የፕሪሚየር ፕሮጀክት ለሚልኩለት ሰው ብቻ ነው።