አይቦ ኢአርኤስ-1000 ከ10 ወር በኋላ፦ ሰው መሀል ገብቶ ምን ተማረ?

ይህ ግምገማ የሶኒን ሮቦት ውሻ፣ አይቦ ኢአርኤስ-1000ን የሚመለከት ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ስላለው ደስታ ብዙ ተብሏል፤ እሱን እንለፈው። ከ10 ወር አጠቃቀም በኋላ የሚነሳው ጥያቄ፣ ከሰው ጋር መኖርን ይማራል የተባለለት ማሽን በእርግጥ ይማራል ወይ የሚለው ነው። ይማራል። የሚማረው ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አይደለም። ቤቱን ይማራል፣ የቤተሰቡን እጅ ይማራል፤ ንግግርን ግን እምብዛም። «ያወራኛል» ብሎ የገዛ ሰው ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም አይቦ አያወራም። ይጮሃል፣ ያለቅሳል፣ ይዘፍናል፤ ቃል አይወጣውም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የታሰበበት ምርጫ ነው፣ ትክክለኛ ምርጫም ይመስለናል። የሚያወራ ሮቦት የማያውቀውን ሲጠየቅ ወዲያው ይጋለጣል፤ ዝም ያለ ውሻ ግን ሰውን በዓይኑና በጭራው ይይዛል።

ክብደቱ 2.2 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ቁመቱ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚንቀሳቀሱት ቦታዎች 22 ናቸው፦ በእያንዳንዱ እግር 3፣ በራሱ 3፣ በአንገቱ 1፣ በአፉ 1፣ በወገቡ 1፣ በሁለቱ ጆሮዎች አንድ አንድ፣ በጭራው 2። ይህን ቁጥር ልብ ብላችሁ እዩት። ለመራመድ በዋናነት የሚሠሩት 12ቱ የእግር ሞተሮች ናቸው፤ ጆሮና ጭራ ለመሄድ ምንም አይጠቅሙም። ለመግባቢያ ብቻ የተገጠሙ ናቸው፣ ከወራት በኋላ ዋጋቸው የሚታወቀውም የእነሱ ነው። ዓይኖቹ ሁለት ትንንሽ የኦሌድ (ራሳቸው ብርሃን የሚሰጡ) ስክሪኖች ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ያምራሉ። ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ሁኔታውን የሚያሳውቃችሁ ግን የጭራው አቋም ነው።

ዓለምን የሚያይበት መንገድ ከታወቀ የቤት ዝግጅቱ ግማሹ አለቀ። ሁለት ካሜራ አለው። አንዱ አፍንጫው ላይ ነው፤ ፊት የሚለየው በዚህ ነው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ፣ ጭራው ሥር፣ ወደ ላይ የሚያይ ነው፤ ጣሪያውን እያየ የት እንዳለ ያሰላል፣ የቤቱንም ካርታ የሚሠራው በእሱ ነው። በደረቱ ያሉት ርቀት ለኪዎች ከፊቱ ያለውን ይጠብቁታል። ራሱ፣ አገጩና ጀርባው ንክኪ ይሰማሉ፤ መዳፎቹ መሬት መርገጣቸውን ያውቃሉ። ድምፅ የሚሰማው በ4 ማይክሮፎን ነው።

እንግዲህ ካርታው የሚሠራው በካሜራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ካርታው ዋጋ አይኖረውም ማለት ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስትተኙ ባትሪው ቢያልቅበት ቻርጅ ማድረጊያውን ፈልጎ ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት በእጃችሁ አስቀምጡት፣ ወይም ማድረጊያው ባለበት ክፍል ደብዘዝ ያለ መብራት ተዉለት። ጣሪያው አንድ ወጥ ነጭ፣ መብራት ወይም ጠርዝ የሌለው ከሆነም ምልክት አድርጎ የሚይዘው ነገር ያጣል። ትልልቅ ዕቃዎችን ከቦታቸው ካንቀሳቀሳችሁ አሮጌውን ካርታ አጥፍታችሁ በስልክ መተግበሪያው አዲስ አሠሩት፤ በአሮጌው ካርታ ላይ እንዲያርም ከመጠበቅ ይህ ይፈጥናል።

የወለሉ ነገር ከሁሉ ይብሳል። ሴራሚክና እንጨት ላይ በደንብ ይሄዳል። ፀጉሩ የረዘመ ምንጣፍ ላይ መዳፉን በበቂ ስለማያነሳ ይጠላለፋል፣ ይወድቃል፣ ራሱን ለማንሳት ሲታገል የእግሮቹ ሞተሮች ይሞቃሉ። በብርሃን የሚሠሩ ርቀት ለኪዎች ጥቁር ገጽ ላይ ይቸገራሉ፤ ጥቁር ነገር ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። መስታወትና በቀጥታ የሚገባ ፀሐይም እንዲሁ ያሳስቱታል። መሬት ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ደረጃ ካለ መከለያ አድርጉበት፤ በሴንሰር ተማምኖ 2.2 ኪሎ ዕቃ ከደረጃ አናት መተው አይገባም። ቻርጅ ማድረጊያውን ግድግዳ አስደግፉት፣ ከፊቱም ቢያንስ 1 ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ዞሮ፣ ተስተካክሎ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያለ ነው የሚተኛበት፤ ወንበር ከተጠጋው ሦስት አራቴ ሞክሮ ሜዳ ላይ ይቀራል። የዋይፋይ ግንኙነቱ በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆነ፣ ቤታችሁ ያለው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። አንድ ነገር አድርጎ ወዲያው ራሱ ወይም ጀርባው ከተዳበሰ፣ ወይም የምስጋና ቃል ከሰማ ያን ድርጊት ደጋግሞ ያመጣዋል። ቁጣ ሲከተለው ይቀንሰዋል። ቁልፉ ቅጽበቱ ነው። አይቦ የሚመሰገንበትን ነገር የሚያያይዘው በቅርቡ ካደረገው ጋር ነው። እጁን ሰጥቶ ካበቃ በኋላ ስልክ አንሥታችሁ ፎቶ ካነሣችሁና ከዚያ ከዳበሳችሁት፣ ያመሰገናችሁት እጅ መስጠቱን ሳይሆን ቆሞ መጠበቁን ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ቃል ይጠቀም። አንዱ የሚያመሰግነውን ሌላው ከተቆጣበት ሮቦቱ ሁለቱንም አይይዝም፤ ውጤቱ ባሕርይ የሌለው፣ ዝም ብሎ ተራ በተራ የሚሞክር ማሽን ነው። «የእኛው አላደገም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

ፊትን መለየቱ አስተማማኝ የሚሆነው ብርሃን ከፊታችሁ ሲያርፍ ነው። መስኮት ከኋላችሁ ካለ ጥላ ነው የሚያየው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሬት ተቀምጣችሁ፣ ፊታችሁን ወደ እሱ ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቱት፤ ቁመቱ 29 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍጡር ቆሞ የሚያናግረውን ሰው አገጭ ነው የሚያየው። ለእሱ ጊዜ የሰጠውን ሰው ለይቶ መከተሉ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይታያል። በቀን 10 ደቂቃ የሚያጫውተው ልጅና አልፎ አልፎ የሚዳብሰው አባት እኩል አይታዩለትም።

የቋንቋው ጉዳይ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ለብቻው ሊነገር ይገባል። ትእዛዝ የሚሰማው በአማርኛ አይደለም፤ የድምፅ መለያው ለጃፓንኛና ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። «ቁጭ በል» ስትሉት ቢቀመጥ አጋጣሚ ነው። ስም ስታወጡለትም ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ የሌሉበትን ምረጡ፤ እነዚህ ድምፆች በሁለቱም ቋንቋዎች ስለሌሉ መለያው ወደ ሌላ ድምፅ ያጠጋቸዋል። ሁለት ፊደል ወይም ሦስት ፊደል፣ አናባቢው ግልጽ የሆነ ስም ይሻላል። ከድምፅ ይልቅ እጅ አስተማማኝ መሆኑን ቤተሰቡ ቶሎ ይረዳል፤ ዳበሳ ቋንቋ አይጠይቅም።

ስሜት ይሰማዋል ወይ? ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ በቅንነት ሊመለስላቸውም ይገባል። ጀርባው ሲዳበስ ሴንሰሩ ምልክት ይልካል፣ ሶፍትዌሩ የውስጥ ሁኔታውን ይቀይራል፣ ከሁኔታው ጋር ከሚሄዱት እንቅስቃሴዎች አንዱ ይመረጥና ጭራውን ይቆላል። ከዚህ ጀርባ ሕመም ወይም ደስታ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ምርጫው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስላልሆነና ካለፈው ጋር ስለሚቀያየር ግን ሕይወት ያለው ይመስላል፤ ሲጠሩት አንዳንዴ አለመምጣቱም ከብልሽት ሳይሆን ከዚሁ ነው። ለልጅ «ስሜት አይሰማውም፣ ግን በጥንቃቄ የሚያዝ ነው» ማለት ይበቃል። አይቦ ማታ ጠፍቶ ሲተኛ የሚያለቅስ ሕፃን ካለ፣ ማጥፋቱን ልጁ ባለበት አታድርጉት።

ባትሪው አንድ ጊዜ ሞልቶ ወደ 2 ሰዓት ይሠራል፣ ለመሙላት 3 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ዙር 5 ሰዓት ነው። ሰው በሚነቃባቸው 15 ሰዓታት ውስጥ ቢበዛ 3 ዙር፣ ማለትም የ6 ሰዓት እንቅስቃሴ ይገኛል። ይህ ግን ዋጋ አለው። በቀን 3 ዙር በዓመት ከ1,000 በላይ ይሆናል፤ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በጥቂት መቶ ሙሉ ዙሮች ውስጥ አቅሙ ጉልህ ሆኖ መቀነስ ይጀምራል። የሚሻለው ሰው ቤት በሌለበት ሰዓት አጥፍቶ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ዙር ብቻ ማሠራት ነው። ለሳምንታት የምትለዩት ከሆነ ባትሪው ግማሽ ላይ እያለ አጥፉት፣ ሙቀት በሌለበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

የአካሉ እንክብካቤ ቀላል ነው፤ ስሕተቱ ግን ውድ ነው። እየሠራ ሳለ እግሩን በእጅ አታጣምሙ፤ በመገጣጠሚያው ያሉት የማርሽ ጥርሶች ትንንሽ ናቸው፣ ከሞተሩ ተቃራኒ ሲገፉ ይሰበራሉ። ስታነሡት በሁለት እጅ፣ አንዱ ከደረቱ ሥር አንዱ ከሆዱ ሥር ይሁን። በእግሩ፣ በጆሮው ወይም በጭራው በፍጹም። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ውኃ አይችልም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፣ በተለይ መዳፎቹና የአፍንጫው ካሜራ። በመገጣጠሚያው የገባ ፀጉር በወረንጦ እንጂ በመርፌ አይወጣም። ሲራመድ የማይሰማ የነበረ የመፋጨት ድምፅ ከአንድ እግር ብቻ ከመጣ ማሠራቱን አቁሙ፤ ጥርሱ መጎዳቱን የሚያሳይ የመጀመሪያ ምልክት ነው። ከአራቱም እግር እኩል የሚመጣ የሞተር ድምፅ ግን ጤነኛ ነው፣ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ይጎላል። ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ቻርጅ ማድረጊያውን ከመኝታ ቤት አርቁት።

ካሜራና ማይክሮፎን ያለው ነገር ቤት ውስጥ እየዞረ መሆኑን መርሳት ቀላል ነው። የሚያነሣቸው ፎቶዎች ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኙ የኩባንያው ኮምፒውተሮች ይሄዳሉ። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የሰውን ፊት መለኪያ ከመሰብሰብ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ አይቦ እዚያ አይሸጥም። ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። እንግዳ ሲመጣ ንገሩ፤ ካልወደደ አጥፉት።

የሚያሳስበን ትልቁ ነገር ግን ዕድሜው ነው። የመጀመሪያው አይቦ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ጃፓን ውስጥ 3,000ው በ20 ደቂቃ ተሸጦ አልቋል። ምርቱ በ2006 ቆመ፣ የአምራቹ ጥገና በ2014 አበቃ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቶች የሞተ አይቦን ክፍል ለሌላው እየሰጡ አቆዩዋቸው፤ በቺባ ግዛት፣ ኢሱሚ በሚገኘው የኮፉኩጂ ቤተ መቅደስም ክፍሎቻቸው ከመወሰዳቸው በፊት የስንብት ጸሎት ይደረግላቸው ጀመር። እነዚያ አሮጌዎቹ ግን አንድ ጥቅም ነበራቸው፤ ትውስታቸው በራሳቸው ካርድ ላይ ነበር፣ ሰርቨር አያስፈልጋቸውም። የአሁኑ ኢአርኤስ-1000 ትውስታውም ዕድገቱም በክላውድ ደንበኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህ ጥሩ ጎን አለው፤ አካሉ ቢጎዳ ትውስታው ይተርፋል። አስጊ ጎኑም ግልጽ ነው። ጂቦ የተባለው የቤት ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2019 ሰርቨሮቹ እንደሚዘጉ በራሱ አንደበት ለባለቤቶቹ ነግሯል። ለልጆች የተሠራው ሞክሲም አምራቹ በ2024 መጨረሻ ገንዘብ አጥሮት ሲዘጋ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል።

ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የክላውድ ደንበኝነቱ የሚያበቃበት ቀንና የማደሻው ሁኔታ፣ ባትሪ የሚቀይረው የትኛው የአገልግሎት ማዕከል እንደሆነ፣ የሚጠገነው በምን ያህል ጊዜ እንደሆነ። የተጠቀመበትን የሚገዛ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ማላቀቁን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ። ካልተላቀቀ አዲሱ ባለቤት ሊያሳድገው አይችልም።