መሬት በዕዳ ወይስ ነፃነት በባዶ እጅ?

ሩሲያ ገባሮቿን፣ አሜሪካ ባሪያዎቿን ነፃ ያወጡት በአራት ዓመት ልዩነት ነው። ሰው የቀመሰው ግን ለየቅል ነበር።

በ1861 (እ.ኤ.አ.) የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ከ20 ሚሊዮን በላይ ገባሮችን ነፃ አወጣ። ገባር ልበላቸው እንጂ ሲሸጡ ሲለወጡ የኖሩ ናቸው። መሬት ተሰጣቸው፤ በዱቤ! ለዘመናት ያረሱትን መሬት ዋጋ በ49 ዓመት ለመንግሥት መክፈል ነበረባቸው። ዕዳው ደግሞ የመንደሩ ማኅበር ስለሆነ፣ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይሸፍናሉ። ማኅበሩ ሳይፈቅድ ከመንደር መውጣት የለም። ክፍያው የተሰረዘው በ1907 ነው።

አሜሪካ በ1865 ባርነትን በሕገ መንግሥት ስትከለክል ወደ አራት ሚሊዮን ሰው ነፃ ወጣ። መሬት ግን የለም። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸርማን ለየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር መድቦ ነበር፤ ፕሬዝዳንት ጆንሰን በዚያው ዓመት ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች አስመለሰው። ብዙዎች እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ የእኩል አራሽ ሆነው ቀሩ።

ለሆድ ከሆነ የሩሲያው ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ ማሳ አለ። የአሜሪካው ግን እግሩ ተፈትቷል። ብዙዎች መጀመሪያ ያደረጉት የተሸጡባቸውን ልጆችና እናቶች ፍለጋ መንገድ መጀመር ነበር። በጋዜጣ ጭምር እያስነገሩ፣ ለአሥርት ዓመታት ፈለጉ።