ኮሃንና ሙድልን ለማገናኘት፦ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ማሽን ወይስ በዶላር የሚከፈል ኪራይ?

ድሬዳዋም ሐረርም ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ የሚሠሩ ወዳጆች የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ካታሎጋችን ኮሃ ላይ ነው፣ መምህራን ሃንድአውት የሚጭኑት ሙድል ላይ፤ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር ምን እንግዛ?» ኮሃ የላይብረሪ ማስተዳደሪያ፣ ሙድል ደግሞ የኦንላይን ትምህርት ፕሮግራም ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፕሮፎርማ ይዟል። አንዱ ሰርቨር ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ሌላው ሁሉን ነገር ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ አድርጎ በየዓመቱ በዶላር መክፈል። ተማሪው እስከ ሁለት ሺህ ለሆነ ኮሌጅ የግቢው ይሻላል። እሱም ቢሆን ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ዓይነት ግዙፍ ሰርቨር መሆን የለበትም፤ ያገለገለች ሚኒ ፒሲ፣ አዲስ ኤስኤስዲ ዲስክ እና መብራት ሲጠፋ ማሽኗን የሚያቆይ ደህና የዩፒኤስ ባትሪ ይበቃሉ።

መጀመሪያ ዋጋው። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ፣ ሙድል ደግሞ በ2002 የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ጂፒኤል በሚባለው፣ ያለ ላይሰንስ ክፍያ መጠቀምን በሚፈቅድ ፈቃድ ስለሚሰራጩ ፕሮፎርማው ላይ «የኮሃ ላይሰንስ» ወይም «የሙድል ላይሰንስ» የሚል መስመር ካያችሁ አሰርዙት። የሚከፈለው ለሰው ድካም ነው፦ ለመጫኛ፣ የተማሪና የመጽሐፍ መረጃ ለማስገቢያ፣ ለሥልጠና፣ ለጥገና። እነዚህ ለየብቻ ዋጋ ይጻፍላቸው። «ሲስተም ኢንተግሬሽን» ተብሎ በአንድ ቁጥር የመጣ ዋጋ ለመከራከር አይመችም፤ የቱ ተሠርቶ የቱ እንደቀረም በኋላ አይታወቅም። 15 በመቶው ቫት ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም የሚለውንም በጽሑፍ ጠይቁ። ርካሽ የመሰለው ፕሮፎርማ በዚች ብቻ ከሌላው በልጦ ይገኛል።

የኪራዩ ችግር ዶላሩ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኪራዩ በዓመት 1,500 ዶላር ቢሆን፣ 85,500 ብር በጀት የያዘ ኮሌጅ ምንም ሳይጨመርለት ከ150,000 ብር በላይ ሊከፍል ነው። ብሩ ተገኝቶ እንኳ የውጭ ምንዛሪ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ክፍያው ሲዘገይ አከራዩ አካውንቱን ይቆልፋል፣ ካታሎጉም አብሮ ይቆለፋል። በዚያ ላይ ሙድልክላውድን የመሰሉት ኪራዮች በተጠቃሚ ቁጥር ልክ ያስከፍላሉ፣ በመደበኛ ጥቅሎቻቸውም የራስን ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ቅጥያ ፕሮግራም፣ መጫን አይቻልም። ግቢ ውስጥ ያለች ማሽን አንዴ ከተገዛች ምንዛሪው ወጣ ወረደ አያገባትም።

ኢንተርኔቱም ሌላ ወጪ ነው። 60 ሜጋባይት የሆነ አንድ የፒዲኤፍ መማሪያ 40 ተማሪ ሲያወርደው 2.4 ጊጋባይት ይሆናል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ሆኖ የግቢው መስመር 20 ሜጋቢት ከሆነ፣ ሌላ ማንም ሰው ምንም ባይከፍት እንኳ መስመሩ ለ16 ደቂቃ ይያዛል። ያው ፋይል በግቢው ገመድ፣ ገመዶቹን በሚያገናኘው በ1 ጊጋቢት ስዊች በኩል ሲሄድ 20 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ነገር ነው። በዋይፋይ ይረዝማል፣ ግን ከኢንተርኔት ሂሳቡ አንድ ሜጋባይት አይነካም። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀንም መጽሐፍ ማዋስ፣ ሃንድአውት ማውረድ፣ አሳይንመንት ማስገባት አይቆምም።

ማሽኑ ላይ ስንመጣ፣ ያገለገለ የራክ ሰርቨር፣ ማለትም በብረት መደርደሪያ ላይ የሚገጠመው ትልቁ፣ ዋጋው ሲታይ ያጓጓል። 150 ዋት የሚበላ ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ 1,314 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 20 ዋት የምትበላ ሚኒ ፒሲ 175 ብቻ። ልዩነቱን በራሳችሁ የመብራት ታሪፍ አባዙት። ድሬዳዋ ከሆናችሁ የሰርቨር ክፍሉን የሚያቀዘቅዘውን ኤሲ ጨምሩበት፤ ሐረር ላይ መስኮት መክፈት ሊበቃ ይችላል። ለኮሃና ለሙድል 16 ጊጋ ራም በቂ ነው። የሙድል ግርድፍ ስሌት ለ1 ጊጋ ራም በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ተጠቃሚ ነው፤ ግማሹን ለሙድል ብትተዉለት ከ80 እስከ 160 ተማሪ ይችላል። 300 ተማሪ በአንድ ሰዓት ኦንላይን ፈተና ላይ ማስቀመጥ በዚች ማሽን አይታሰብም፤ በፈረቃ ይፈተኑ።

ያገለገለች ማሽን እንደገባች መጀመሪያ የሚቀየርላት የሰዓቷ ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታክለው። ከዕቃው ሁሉ ርካሿ እሷ ናት፣ ሲስተሙን የምታምሰውም እሷ ናት። ባትሪዋ ያለቀባት ማሽን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ዓመታት ወደኋላ ልትመልሰው ትችላለች። ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ ራሱን ያስተካክላል። መብራትና ኢንተርኔት አብረው ሲሄዱ ግን ኮሃ የመመለሻ ቀኑን ካለፈ ዓመት ላይ ይጽፋል፣ ሙድል ቀኑ ያለፈ አሳይንመንት መልሶ ይከፍታል፣ ዛሬ ጠዋት መከፈት ያለበትን ፈተና ደግሞ «ገና ነው» ይላል። ሰው የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው። ባለሙያ ይጠራል፣ ሁሉንም እንደገና ጭኖ ያስከፍላል፣ መብራቱ በሚቀጥለው ሲጠፋ ነገሩ ይመለሳል። ማሽኗን ከመረከባችሁ በፊት ገመዷን ከግድግዳው ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩዋት፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት አስነስታችሁ ቀኑን እዩ።

ዲስክ ላይ ፎርጅዱ በዝቷል። «2 ቴራ» ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው ውጫዊ ኤስኤስዲ ሲፈታ ውስጡ የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሙጫ ተለጥፎበት ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ የገቡት ፋይሎች ደህና ይከፈታሉ፤ እውነተኛው ልኩ ሲሞላ ግን ወይ አዲሱ ፋይል የቀደመውን እየደመሰሰ ይገባል፣ ወይ ስሙ ብቻ ተመዝግቦ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ባክአፕ የተቀመጠበት ዲስክ እንዲህ ከሆነ የሚታወቀው ባክአፑ በተፈለገ ቀን ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩን እስከ አፉ ጽፎ መልሶ ያነበዋል። በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 2 ቴራ ለመሙላት ብቻ 28 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ስትገዙ «ሦስት ቀን ፈትነን፣ ልኩ ካልሆነ እንመልሳለን» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ሻጩ ለመጻፍ ካንገራገረ ዕቃውን መልሱለት። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ተመልከቱ፤ 40,000 ሰዓት ማለት አራት ዓመት ተኩል ሳይጠፋ የሠራ ማለት ነው።

ዩፒኤስ ላይ ደግሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። በትንንሾቹ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ነው፣ 84 ዋት ሰዓት። ከዚህ ለሥራ የሚተርፈው 50 ገደማ ነው። ሚኒ ፒሲና ስዊች አብረው 30 ዋት ቢበሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆያል፤ ያንኑ ባትሪ 150 ዋት ሰርቨር ላይ ካደረጋችሁት 20 ደቂቃም አይሞላ። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፤ ስለዚህ ሐረር አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ ድሬዳዋ በታፈነ ክፍል ሁለት ዓመት ላይሞላ ይችላል። ይህን በጀት ውስጥ አስገቡት። ሲገዛም በሚዛን ይመዘን፦ ደህናው 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ ቀሎ ከተገኘ ውስጡ እርሳሱ ተቀንሷል። በመልቲሜትር 12.4 ቮልት ካልደረሰ ሱቅ ውስጥ ብዙ ከርሟል፣ ተዉት።

አሁን ወደ ማገናኘቱ። ለዚህ የሚሸጥ ፕለጊን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የተማሪው ቁጥር በሁለቱም ቦታ አንድ መሆኑ ነው። የሬጅስትራሩ መታወቂያ ቁጥር ኮሃ ላይ የካርድ ቁጥር፣ ሙድል ላይ የአይዲ ቁጥር በሚባለው ቦታ ይግባ። መታወቂያችን ላይ ያለችው እዝባር እዚህ ታስቸግራለች፦ ሙድል በመደበኛ ቅንብሩ መግቢያ ስም ላይ እዝባርም ትልልቅ የላቲን ፊደልም አይቀበልም። መግቢያ ስሙ ላይ እዝባሩ በሰረዝ ተተክቶ ፊደሉ ሁሉ ትንንሽ ይሁን፤ አይዲ ቁጥሩ ላይ ግን መታወቂያው እንዳለ ይጻፍ። ባርኮዱ ኮድ 39 የሚባለው ዓይነት ከሆነ እዝባርን ይይዛል።

ዝርዝሩ በኤክሴል ሲዘጋጅ ሁለት ነገር ይበላሻል። በዜሮ የሚጀምር ባርኮድ ዜሮዎቹን ያጣል፤ ዓምዱን ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት «ቴክስት» አድርጉት። በአማርኛ የተጻፈ ስም ደግሞ በተራው ሲኤስቪ ሲቀመጥ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ይመረጥ። ከዚያ በኋላ ኮሃ የመጀመሪያውን ዓምድ አላውቀውም ካለ፣ ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የጨመረው የማይታይ ምልክት ነው፤ ፋይሉን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከፍታችሁ «ያለ ቦም» አስቀምጡት። ኮሃ ላይ ስታስገቡ ማመሳከሪያው የካርድ ቁጥር ይሁን፤ በሁለተኛው ሴሚስተር የቀደመው ተማሪ የሚለየው በዚያ ነው።

ከሙድል ወደ መጽሐፉ የሚወስደው ሊንክ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፍለጋ ውጤት ገጽን ቀድቶ ሙድል ላይ በመለጠፍ ነው። የመጽሐፉ የራሱ ገጽ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ያለበት አድራሻ ነው የሚቀዳው። ካታሎገሩ ሁለት ድጋሚ መዝገቦችን ሲያዋሕድ አንዱ ቁጥር ስለሚጠፋ፣ ሊንክ የተሰጠበት ቁጥር እንዲቀር ይነገረው። ሙድል ላይ ሊንኩ «ኢምቤድ»፣ ማለትም በሙድል ገጽ ውስጥ እንዲታይ፣ ተደርጎ ከተቀመጠ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ኮሃ በሌላ ድረ ገጽ ውስጥ ተከፍቶ መታየትን ይከለክላል። «በአዲስ መስኮት» የሚለውን ምረጡ።

ከዚህ ሁሉ የላቀው ግን ኮሃ ውስጥ ያለው የኮርስ ሪዘርቭ፣ ማለትም ለአንድ ኮርስ የተመደቡ መጻሕፍት ዝርዝር ነው፣ ብዙ ላይብረሪ ግን አይከፍተውም። በሲስተም ምርጫዎች ውስጥ ይከፈታል፤ ኮርሱን መዝግባችሁ መጻሕፍቱን በባርኮድ ትጨምራላችሁ፤ የዚያን ኮርስ ገጽ አድራሻ ሙድል ኮርሱ አናት ላይ አንዴ ትለጥፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ላይብረሪያኑ መጽሐፍ ሲጨምር ሲቀንስ መምህሩ ሙድልን መንካት የለበትም፤ ተማሪውም ስንት ቅጂ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከኮርሱ ገጽ በአንድ ጠቅታ ያያል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኮርሱን ስትዘጉት የመጻሕፍቱ ቦታና የውሰት ዓይነት ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

የኮሃና የሙድል አድራሻ ከመጀመሪያው ቀን በስም ይሁን እንጂ በአይፒ፣ ማለትም ማሽኑ በኔትወርክ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር፣ አይሁን። ሙድል የራሱን አድራሻ ቅንብሩ ውስጥ ጽፎ ይይዛል፤ ራውተር ተቀይሮ ቁጥሩ ሲለወጥ መምህራን የለጠፉት ሊንክ በሙሉ ይሞታል።

የውጭ ጆርናል ለማግኘት ኢዚፕሮክሲ፣ ማለትም ክፍያ ያላቸውን ጆርናሎች ከግቢ ውጭ ለመክፈት የሚያገለግለውን ፕሮግራም፣ እንድትገዙ የሚመክራችሁ ካለ፣ መጀመሪያ በአይፒ የሚከፈት ምን ክፍያ ያለው ጆርናል እንዳላችሁ ጠይቁት። ከሌለ ዓመታዊ ክፍያው በከንቱ ነው። የምርምር ጆርናሎችን የሚያቀርቡት ሪሰርች ፎር ላይፍ፣ ማለትም ሂናሪ፣ አጎራና ሌሎቹ፣ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ስለሆነች ተቋሙን ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቁት። የሚሰጣችሁ ፓስወርድ ግን ሳይገቡ በሚታይ ገጽ ላይ አይለጠፍ፤ ሙድል ውስጥ፣ ተማሪ በስሙ ከገባ በኋላ የሚያየው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ለመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ የሚሆነው ፕሮግራም ዲስፔስ 7 እና ከዚያ በላይ ያለው ለብቻው 8 ጊጋ ራም ስለሚፈልግ ለትንሽ ኮሌጅ ይከብዳል፤ ፒዲኤፉን አቃፊ ውስጥ አስቀምጦ አድራሻውን የኮሃ መዝገብ 856 መስክ ላይ፣ የሊንክ አድራሻ በሚገባበት ቦታ፣ መጻፍ ይበቃል።

ኪራዩ የሚያዋጣው ተማሪዎቻችሁ በርቀት የሚማሩና ወደ ግቢ የማይመጡ ከሆነ፣ ወይም ሰርቨሩ የሚሠራበትን ሊኑክስ የሚነካ አንድ ሰው እንኳ በሠራተኝነት ከሌላችሁ ነው። ያኔም ቢሆን ውሉ ውስጥ በየወሩ የካታሎጉን ማርክ ፋይል (የመጽሐፍ መዝገቦቹ ወደ ሌላ ሲስተም የሚወሰዱበትን ፋይል)፣ የሁለቱንም ዳታቤዝ፣ የሙድልን የፋይል አቃፊም እንዲያስረክቡ ይጻፍ። የግቢውን የመረጡም ይህን ልብ ይበሉ፦ ኮሃ በየቀኑ ራሱ ባክአፕ ቢያደርግም ሳይነካ ከተተወ የሁለት ቀኑን ብቻ ይዞ የቀደመውን ያጠፋል፣ ያውም እዚያው ዲስክ ላይ። አርብ አርብ በሌላ ዲስክ ተቀድቶ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሂድ።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ጫኚው ባለበት የኢንተርኔቱ ገመድ ይነቀል። አንድ ተማሪ በራሱ ስልክ፣ በግቢው ዋይፋይ ሙድል ገብቶ ከኮርሱ ወደ መጽሐፉ ገጽ ይሻገር፣ መጽሐፉም ይዋስለት። ቀጥሎ መብራቱ ይጥፋ፤ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደያዘ በሰዓት ተይዞ ርክክቡ ላይ ይጻፍ። የአስተዳዳሪ ፓስወርዶቹ በሙሉ በታሸገ ፖስታ ለኮሌጁ ገብተው፣ እያንዳንዳቸው እዚያው ተሞክረው መክፈታቸው ሲታይ ቼኩ ይሰጥ።