በርግ አይላንድ ወይስ ሚድላንድ? ዳግም የተወለዱ ሁለት የባሕር ዳር ሆቴሎች

ሁለቱም እንግሊዝ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም የአርት ዴኮ ዘመን ልጆች፤ አርት ዴኮ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የገነነ የሕንፃና የጌጥ ስልት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሁለቱም የአየር ኃይል ቁስለኞችን አስጠልለዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርግ አይላንድ በ1929 ዴቨን በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ጠረፍ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ተሠራ። ባሕሩ ሲሸሽ እንግዳው አሸዋውን ረግጦ በእግሩ ይደርሳል። ባሕሩ ሲሞላ ግን መንገዱ ድራሹ ይጠፋል። ያኔ የሚያሻግረው ልዩ ትራክተር ነው። ጎማው ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ተሳፋሪው ከፍ ካለ መድረክ ላይ ሆኖ ማዕበሉን ቁልቁል ያያል። እንዴት ደስ ይላል! ከጦርነቱ በኋላ ሆቴሉ ተጎሳቁሎ በአፓርታማ ተከፋፈለ። በ1980ዎቹ ታድሶ ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመለሰ።

ሚድላንድን ያስገነባው የባቡር ኩባንያ ነው፤ በ1933 ሞርካም ከተማ ተከፈተ። ከመግቢያው በላይ አናቱ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ ሁለት የባሕር ፈረሶች አሉ። በ1998 ተዘጋ፤ ከዓመታት መበስበስ በኋላ በ2008 እንደገና በሩን ከፈተ።

ለመድረስ ሚድላንድ ይቀላል፤ ባቡሩ ቅርብ ነው። ከሰው ርቆ ማረፍ ለሚፈልግ ግን በርግ አይላንድን የሚያህል የለም። እኔም ምርጫዬ እሱ ነው፣ ለዚያች ትራክተር ስል ብቻ እንኳ።